ዋልያን የጠበቅን ሰዎች ነጩን ዓሣስ?

በክረምት ደባርቅ ጭር ትላለች። ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ተነሥቶ ከተማዋን ሲያለብሳት ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ እንግዳ ብዙም አይመጣም። በቅሎ ጫኙ፣ ስካውቱ፣ ምግብ አብሳዩ፣ እንደ እኔ ያለው አስጎብኚም ሥራ ይፈታል። ጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ወርጄ በጀልባ እየሄዱ መንጠቆ መጎተትን ልማር ያሰብሁት በዚህ ወቅት ነበር። ሐሳቡን ያመጣልኝ ስሜን ፓርክ ውስጥ ሳንቃ በር ላይ እሳት ዳር ያመሸ አንድ የፊንላንድ እንግዳ ነው። ስለ አገሩ ሐይቆች ሲነግረኝ አመሸና ሲሄድ አንድ ትንሽ ሣጥን ትቶልኝ ሄደ፤ ውስጡ ዓሣ የሚመስሉ ማጥመጃዎች፣ የተጠቀለለ ክርና ጥቂት የእርሳስ ክብደቶች ነበሩ። የምጽፈው ግን ስለ ሣጥኑ አይደለም። በዚህ የአጠማመድ ዘዴ ጎርጎራ ላይ አንድ ሥራ ሊቆም እንደሚችል፣ ሥርዓቱንም እኛ ደባርቆች እንደምናውቀው ለማስረዳት ነው።

አጠማመዱ እንዲህ ነው። ጀልባው በእግረኛ እርምጃ ይሄዳል፤ ረጅም ክር ከኋላ ይከተለዋል፤ በክሩ ጫፍ ከእንጨት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከሚያብረቀርቅ ብረት የተሠራ ትንሽ ዓሣ መሳይ መንጠቆ ተሸክሞ እየተወዛወዘ ይጎተታል። ዓሣ የሚበላው ትልቁ ዓሣ የደከመ ዓሣ ያገኘ መስሎት ይነክሳል። የዛሬዎቹን ማጥመጃዎች ፈር የቀደደው ላውሪ ራፓላ የሚባል ፊንላንዳዊ ነው፤ ሐይቅ ላይ እየቀዘፈ የሚያጠምድ ድሃ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ትልልቆቹ ዓሦች ከመንጋው መካከል አካሄዱ የተዛባውን ትንሽ ዓሣ እየመረጡ እንደሚያጠቁ አስተዋለ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ከቡሽ ቀርጾ፣ የቸኮሌት መጠቅለያ አልብሶ የመጀመሪያውን ሠራ። ሞተር አልነበረውም። ይህን የማነሣው ጎርጎራ ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ለዚህ ሥራ የሚበቃ ፍጥነት በክንዱ እንዳለው ለማሳየት ነው።

ስለ ጥልቅ ውኃ መጎተት የሚነገረው ብዙው ትምህርት የመጣው ግን ከሌላ ዓይነት ሐይቅ ነው። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች በበጋ የላዩ ውኃ ሲሞቅ ቅዝቃዜ የሚወድ ዓሣ ወደ ታች ይሸሻል። አጥማጁም አራት አምስት ኪሎ የሚመዝን የእርሳስ ኳስ በብረት ሽቦ ያወርዳል፤ ክሩን ከኳሱ ጋር በመያዣ ያያይዘዋል፤ ዓሣ ሲነክስ መያዣው ይለቅና አጥማጁ ከዓሣው ጋር ብቻ ይታገላል። ብልህ ሥራ ነው። ጣና ግን ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ አማካይ ጥልቀቱ ስምንት ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታም ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። ነፋሱ ውኃውን እስከ ሥሩ ስለሚያናውጠው ቀዝቃዛና ሙቅ ተብሎ በንብርብር ተለይቶ አይቆይም። እዚያ ላይ የእርሳስ ኳስ ማውረድ ጭቃ ማረስ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የምለው መጀመሪያ ዕቃ እንዳይገዛ ነው፤ ቀጭን ጠንካራ ክር፣ ጥቂት ግራም እርሳስ፣ ክሩ እንዳይጠማዘዝ የሚያደርግ ተሽከርካሪ ቀለበት፣ አንድ ሁለት ማጥመጃ ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት ሁሉ ክሩ የት እንዳለ ማወቅ ነው፤ አይታይምና። ክሩ በረዘመ ቁጥር፣ ጀልባው በዘገየ ቁጥር እርሳስ የታሰረበት ማጥመጃ ይወርዳል፤ ሲፈጥን ይነሣል። ከአፉ ሥር እንደ ምላስ የወጣ ሰሌዳ ያለው ማጥመጃ ግን ውኃው ራሱ ሰሌዳውን እየገፋ ወደ ታች ይመራዋል። ልብ የሚማረከው ጀልባው ሲታጠፍ ነው። በመታጠፊያው ውስጥ በኩል ያለው ክር ይዘገይና ይወርዳል፤ በውጭ በኩል ያለው ይፈጥንና ይነሣል። በውስጡ ላይ ከተነከሰ ዓሣው ከነበርህበት ዝቅ ብሎ ወይም ቀስ ያለ ነገር ፈልጎ ነበር ማለት ነው። እንዲህ እያለ ሐይቁ መልስ ይሰጣል። ያስተማሩኝ የጎርጎራ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን በመረብ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስለ መጎተት ከእኔ ብዙም አስቀድመው አያውቁም ነበር። ጠዋት ውኃው ጸጥ ሲል ትናንሾቹ ዓሦች ወደ ላይ የት እንደሚወጡ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከየት ተነሥቶ ማዕበሉን እንደሚያስነሣ፣ ጉማሬ በየትኛው ደንገል ሥር እንደሚውል ግን ያውቃሉ። «ልጄ፣ ክሩን ተወውና ውኃውን እይ» አሉኝ። ከነፋሱ በፊት ወደ ዳር የምንመለሰውም እሳቸው ሲሉ ነው።

አሁን የሚነክሰው የትኛው ዓሣ ነው? ቆረሶ ሣርና አልጌ ስለሚበላ ለሚጎተት ማጥመጃ ግድ የለውም። አምባዛ አልፎ አልፎ ይይዛል። ጣናን ከዓለም የሚለየው ግን ነጩ ዓሣ ነው፤ ሳይንቲስቶች ላቤኦባርበስ የሚሉት ወገን። በጣና ውስጥ ካሉት ዝርያዎቹ 15 ያህሉ በምድር ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር የትም የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው እዚሁ ሐይቁ ውስጥ አንዱ ጭቃ ፈላጊ፣ አንዱ ቀንድ አውጣ ሰባሪ፣ አንዱ ዓሣ አሳዳጅ እየሆነ ተለያየ። ዓሣ የሚበሉት ስምንት ናቸው፤ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሮአቸው ውስጥ ነው። ከዚህ ወገን የሆነ ዓሣ ዓሣ አሳዳጅ መሆኑ ራሱ ብርቅ ነው፤ ማጥመጃዬን የሚከተሉትም እነዚህ ናቸው። በፊሊፒንስ ላናዎ በሚባል ሐይቅ የዚህ ዓይነት ሌላ ስብስብ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው የለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከዚያ ሐይቅ 15 የዓሣ ዝርያዎች ጠፍተዋል ብሎ መዘገበ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ከሌላ ቦታ አምጥተው የጨመሩበት ዓሣ ነው። ስለዚህ ጣና ላይ «ለምርት» ተብሎ እንግዳ ዓሣ እንጨምር የሚል ሰው ሲገጥመኝ እከራከራለሁ።

እንግዲህ ወቅቱን ተመልከቱ። ነጩ ዓሣ የሚራባው በክረምት ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ገደማ ብዙ ዝርያዎች ሐይቁን ትተው ወደ መገጭ፣ ወደ ድርማ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ፤ በጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እኔ ሥራ የምፈታበት ወቅትና እነሱ በወንዝ አፍ ላይ የሚሰበሰቡበት ወቅት አንድ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ መረብ የወንዙ አፍ ላይ የተዘረጋ እንደሆነ ሊራባ የተሰበሰበውን ዓሣ በብዛት ይይዛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና ሲገባ ለድሆች ዓሣ አጥማጆች በጎ ታስቦ ነበር፤ ለብዙ ቤተሰብም እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተያዘውን ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች የነጩ ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ መቀነሱን ጽፈዋል፤ ትናንሾቹማ ከዚያም ብሰው ቀንሰዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ወንዞቹን የሚጠብቅ ግን እንደ ስሜን ጠባቂ ያለ ሰው ነሐሴ ላይ መገጭ አፍ ቆሞ አላየሁም።

ስሜንን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ዋልያ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ፓርኩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ካንዣበባቸው ቅርሶች ተርታ ገባ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ዋልያ ዛሬም ከስጋት አልወጣም፤ እስካሁን የቆየው ግን ደባርቅ ላይ በቆመው ሥርዓት ነው። እንግዳው መግቢያ ይከፍላል፤ ስካውት ይመደብለታል፤ አስጎብኚው፣ በቅሎ ጫኙ፣ ምግብ አብሳዩ በተራው ይወጣል። ገንዘቡ የሚገባው ገደሉን ወደሚያውቀው ሰው ኪስ ስለሆነ ያ ሰው ዋልያ ሲገደል ዝም አይልም። ጣና ውስጥ ያለው ነጭ ዓሣ ከዋልያ ባልተናነሰ የእኛ ብቻ ነው። ዋልያን ማሊያ ላይ፣ ጠርሙስ ላይ እናያለን፤ ነጩን ዓሣ የምናየው ድስት ውስጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ ጎርጎራ የደባርቅን ተራ ትዋስ። የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የሠራው ማረፊያ እዚያው አለ፤ ከስሜን የሚወርድ እንግዳም በጎንደር በኩል ያልፋል። ነጩን ዓሣ የሚያውቀው መረብ ጣይ፣ ታንኳ ቀዛፊው የወይጦ ሰው፣ ሁለቱም በማኅበር ይመዝገቡ፤ እንግዳ በተራ ይውሰዱ፤ ለአንድ ቀን መጎተት የሚከፈለው በግልጽ ይለጠፍ። መንጠቆው እሾህ የሌለው ይሁን፤ ዓሣው እጅን አርጥቦ ተይዞ፣ ከውኃ ብዙ ሳይርቅ ይለቀቅ። የያዘው ዓሣ እንቁላል መሸከሙን አይቶ መልቀቅ ክር ለያዘ ሰው የሚቻል ነገር ነው፤ ሌሊቱን ከመረብ ጋር የታገለው ዓሣ ግን ሲነጋ ብዙ ጊዜ ሞቷልና አይቻልም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹ አፍ ለመረብም ለመንጠቆም ይዘጋ፤ እኔን ጨምሮ።

የሚነሣውን መልስ አውቃለሁ፤ በክር የሚያዘው ከመረብ ያነሰ ነው፣ አንድ ቤተሰብ በጥቂት ዓሣ አያድርም ይላሉ። እውነት ነው። መረብን ለዓመቱ ሁሉ ተውት አላልሁም፤ በዓቢይ ጾም ዓሣ ፈላጊው ሲበዛ ገበያውን የሚሞላው መረቡ ነው። በአራቱ የክረምት ወራት ግን መረቡን ያነሣው ሰው የሚበላው ያስፈልገዋል። ያን የሚሸፍነው ከጥቅምት በኋላ እንግዳ ከሚከፍለው ተቀንሶ የሚቀመጥ የማኅበር ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ይህ ካልታሰበ የክረምቱ ክልከላ ድሃውን ብቻ የሚቀጣ ይሆናል፣ ሰውም አይቀበለውም፤ ትክክል ነውና።

ጥልቅ ውኃውን ለሚወድ ጀማሪም ቦታ አለው። ከስሜን የሚወርደው ውኃ መሄጃው ተከዜ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት አለው፤ ከኋላው በገደል መካከል የተኛው ውኃ ጣናን በጥልቀት እጅግ ይበልጠዋል። እንዲህ ባለ ጥልቅና ሙቅ ውኃ ግን ከታች ያለው ክፍል አየር ሊያንሰው ስለሚችል ዓሣው እስከ ሥሩ ይወርዳል ብሎ ማሰብ አይበጅም፤ ክሩን ከአምስት ሜትር ጀምሮ ቀስ እያሉ እየጨመሩ መፈለግ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን በዋግ በኩል ካሉ ወጣት አስጋሪዎች ጋር ሄጄ የምማረው ይህንን ነው። ጎርጎራ ላይ የሚጀመረውን ማኅበር የተራ አያያዝ፣ የእንግዳ አቀባበል፣ የሒሳብ መዝገብ ማስተማር ደግሞ ለደባርቅ አስጎብኚዎች የሚከብድ አይደለም። ጥቅምት ሲያልቅ ጥቂት ሰዎች ሆነን ለመውረድ ተነጋግረናል፤ የቀረው ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በሩን መክፈቱ ነው።