ቀይ ካሊፐር፣ ያለቀ ጎማ

ጥቁር መስታወትና ጯሂ ጭስ ማውጫ አልበቃ ብሎ፣ አሁን ደግሞ ቀይ ቀለም የተቀባ ትልቅ ካሊፐር በፋብሪካው ቸርኬ ውስጥ አስጨንቆ ማስገባት መጥቷል። ሻጩ «ለደኅንነትህ ነው» ይላል። ቃሉን ልብ በሉልኝ። «ጌጥ ነው» ቢል አልከራከረውም፤ የሰው ገንዘብ ነው። ደኅንነት ካለ ግን ነገሩ የመንገድ ጉዳይ ሆነ፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ሁላችንም አለን።

መኪና የሚቆመው ጎማው አስፋልቱን በነካባት መዳፍ በምታክል ቦታ ነው። ካሊፐሩ ዲስኩን ይጨብጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጎማው ነው። አሁን ያለህን ፍሬን በኃይል ስትረግጠው ጎማው የሚቆልፍ ወይም ኤቢኤሱ እግርህ ሥር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ፍሬንህ ጉልበት አላነሰውም። ያነሰው የጎማህ መያዝ ነው። እዚያ ላይ እጥፍ ካሊፐር ብትጨምርበት አንድ ሜትር ቀድመህ አትቆምም። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ላይ ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር መግጠም በተቀደደ ጫማ ላይ ሐር ካልሲ ነው።

ትልቅ ፍሬን ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ጥቅሙ ሙቀት መቻሉ ላይ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ለውድድር ሜዳ ትልቅ ዲስክና ካሊፐር ትክክለኛ መልስ ነው። እኛስ ጋ? ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ መውረድን አስቡት። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከ1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፣ አየሩ የሚቀንሰውን ትተን፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ አከታትሎ እንደማቆም ነው። ይህን በፔዳል ብቻ እወጣዋለሁ ያለ ሰው በየትኛውም ካሊፐር ችግር ላይ ነው። መልሱን የጭነት መኪና ሹፌሮች ያውቁታል፤ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ ነው። በነፃ።

የፍሬን ዘይትስ? እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ይወርዳል። የፈላ ዘይት አረፋ ነው፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ካሊፐር የለወጠውን ልጅ «ዘይቱን መቼ ለወጥከው?» ብላችሁ ጠይቁት።

«ፍሬኔ ደረቀብኝ፣ ጉልበት የለውም» የሚለውን ቅሬታም አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል። በነዳጅ መኪና ላይ እግራችንን የሚያግዘው ሰርቮ ደግሞ የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ የመሳብ ኃይል መካከል ባለው ልዩነት ስለሆነ እገዛው ይቀንሳል። የሰርቮው ቱቦ ትንሽ ከተሰነጠቀማ አለቀ። ይህን ካሊፐር አይፈታውም።

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ልምጣ፤ ወደ አገጣጠሙ። 15 ኢንች ቸርኬ 381 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ ግን ጎማው የሚቀመጥበት ልክ ነው፣ ውስጡ ከዚያ ይጠባል። እሱ ቢበቃ እንኳ የቸርኬው ክንፎች ወደ ውስጥ ካዘነበሉ የካሊፐሩን ፊት ይገጫሉ። ሁለት ቸርኬ እኩል ስፋት ኖሯቸው አንዱ ሲገባ ሌላው የማይገባው ለዚህ ነው። የሱባሩ ኤስቲአይ ብሬምቦ ካሊፐር 17 ኢንች ቸርኬ የሚፈልገው ፋብሪካው ገንዘብ ሊያስወጣን ስለፈለገ አይደለም።

አልገባ ሲልስ ምን ይደረጋል? ቶርኖ ቤት ይኬዳል። ካሊፐሩ ይሞረዳል፣ ወይም ከየትኛው ብረት እንደሆነ በማይታወቅ ስፔሰር ቸርኬው ወደ ውጭ ይገፋል። ብሎኑ ግን ያው የድሮው ነው፤ የሚነክሰው ጥርስ በስፔሰሩ ውፍረት ልክ ያንሳል፣ ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫናም ይጨምራል። ሥራ ፈት ቦታ መኪናው ሲቆም ሁሉም ያምራል። ጉድጓድ ውስጥ በፍጥነት ሲገባ ነው ሒሳቡ የሚመጣው፤ ጉድጓድ ደግሞ አላጣንም።

ሌላም አለ። ፋብሪካው የፊትና የኋላውን ፍሬን ያመጣጠነው ተጨንቆ ነው። ፊት ትልልቅ ፒስተን ገጥመህ የቪትዝህን የኋላ ታምቡር እንዳለ ስትተው፣ የፊቱ ቀድሞ ይቆልፋል፣ የኋላው ድርሻውን ሳይሠራ ይቀራል። የድሮው የፍሬን ፓምፕ ለትልቁ ፒስተን ብዙ ዘይት መግፋት ስላለበት ፔዳሉም ይረዝማል። ከፍለህ የባሰ ፍሬን ገዛህ ማለት ነው።

በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ስለዚህ ለቦሎ የሚመረምረው ሰው ፍሬን መያዙን ብቻ አይቶ ማለፍ የለበትም፤ ቸርኬ ወልቆ ከኋላው ያለው ይታይ። የተሞረደ ካሊፐርና የቶርኖ ስፔሰር ይዞ የመጣ መኪና ይመለስ። ሻጩም «ደኅንነት» ካለ፣ ስፔሰሩን ማን ከምን ብረት እንደሠራው፣ ብሎኑ ስንት ዙር እንደሚገባ በጽሑፍ ፈርሞ ይስጥ። ካልፈረመ የሸጠው ቀይ ቀለም ነው፤ በቀለም ዋጋ ይሽጠው።