እግር እንጂ ጫማ አይሮጥም?

ስለ ሩጫ ጫማ ጨዋታ ከተነሳ አበበ ቢቂላ ሳይጠራ አያልቅም። «ሰውዬው ሮምን በባዶ እግሩ ነው ያንበረከከው፤ እግር እንጂ ጫማ አይሮጥም» ይባልና ጨዋታው ይዘጋል። ሻይ ቤት ይባላል፣ ቢሮ ይባላል፣ ሬዲዮ ላይ ይባላል። ደስ ይላል፣ ያኮራልም። ችግሩ፣ ይቺ ኩራት ዛሬ ሱሉልታ ላይ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነስቶ የሚሮጥ የ19 ዓመት ልጅ የእንጀራ በር እየዘጋች መሆኗ ነው።

መጀመሪያ አበበን ወደ ቦታው እንመልሰው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ የሚባል ነገር ንቆ አይደለም። የቀረበለት ጫማ ለእግሩ አልሆነውም፣ ይልጠው ነበር። በባዶ እግር መሮጥን ደግሞ ከልምምድ ያውቀዋል። አመዛዘነና አወለቀው፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ካልሲና ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጠ። ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ፈጠነ ማለት ነው። ይሄኛውን ማንም በኩራት አይተርከውም። እንግዲህ አበበን ምስክር አድርጋችሁ የምትጠሩ ከሆነ ሁለቱንም ቃሉን ስሙ፤ የማይሆነውን ጫማ ጣለ፣ የሚሆነውን አገኘና አደረገ። ሰውዬው ጫማ መራጭ ነበር።

ከ2017 ወዲህ ደግሞ ምርጫው ከመላጥና ካለመላጥ አልፏል። በዚያ ዓመት ናይኪ ቬፐርፍላይ የተባለውን ጫማ ገበያ ላይ አወጣ። ሶሉ ወፍራም ነው፣ ግን ሲያነሱት ባዶ ካርቶን ይመስላል። ውስጡ ፒባ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ፎም አለ፤ በፎሙ መሃል ደግሞ እንደ ማንኪያ የጎበጠ የካርቦን ፕሌት ተቀብሯል። ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 18 ጎበዝ ሯጮችን አስሩጠው ሲለኩ፣ በዚያን ጊዜ ምርጥ ከሚባሉት የውድድር ጫማዎች ጋር ሲነጻጸር በተመሳሳይ ፍጥነት የሚወጣው ጉልበት በአማካይ 4 በመቶ ቀነሰ። ጥናቱን የደገፈው ራሱ ናይኪ ነው፣ አዎ፤ ነገር ግን ሌሎችም ደግመውት ተቀራራቢ ውጤት አግኝተዋል። የቆጠበው ነገር ምስጢር አይደለም። እግር መሬት ሲረግጥ ሶሉን ይጨፈልቀዋል፣ የጨፈለቀበት ጉልበት ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፣ ቀሪው ይመለሳል። የድሮው ጥሩ ጫማ ከመቶ 76 ያህሉን ይመልስ ነበር፤ ይሄኛው 87ቱን መለሰ። ማራቶን ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር እርምጃ አለ። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ጥቂት ሳንቲም ይመለስልሃል እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላቋርጥና ልናገር፣ ምክንያቱም እንደ ኢንጂነር ያናድደኛል። ሁሉም ሰው «ካርቦን» ይላል። ሻጩ «ካርቦን አለው» ይላል፣ ገዢው «ካርቦን ነው?» ብሎ ሶሉን ያጥፋል። ካርቦኑ ግን ብቻውን ያን ያህል አይሠራም። ተመራማሪዎች የቬፐርፍላይን ፕሌት በቁሙ ጫማው ውስጥ እንዳለ ቆራርጠው፣ ድጋፉን አጥፍተው፣ ሯጮቹን እንደገና ለኩ። ልዩነቱ ከአንድ በመቶ በታች ሆነ፤ በስታቲስቲክስ ዓይን የለም የሚባል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ፎሙና ቅለቱ ነው። ፕሌቱ ያን ለስላሳ ክምር ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ በስሙ የሚሸጠው ግን እሱ ነው። መርካቶ ያለው ፎርጅድ የገባው ይሄ ነገር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የገዛውን በቢላ ሰንጥቀን አይተነዋል፤ እውነትም ጠንካራ ጥቁር ፕሌት አለበት። ዙሪያው ያለው ግን የፍራሽ ስፖንጅ ነው። ይሄ ጫማ ከተራ ሸራ ይብሳል፤ ሸራው ቢያንስ አይዋሽም።

ለማን ነው የሚጠቅመው? ለእኔና ለቢሮ ጓደኞቼ አይደለም። በ2023 የወጣ ጥናት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ኪሎ ሜትሩን በ6 ደቂቃ ለሚሮጥ ሰው ቁጠባው በአማካይ 0.9 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። በሰዓት 12 ላይ 1.4 በመቶ። ታላቁ ሩጫን በአንድ ሰዓት የሚጨርስ ሰው ያ ቁጠባ ሁሉ ወደ ፍጥነት ቢቀየርለት እንኳ ግማሽ ደቂቃ አካባቢ ነው። ታላቁ ሩጫ ላይ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ ማለት ከመስቀል አደባባይ ሳትወጣ፣ ከፊትህ ያለው ሰው ቁልቁል ሲጨፍር ቆመህ የምታጠፋው ጊዜ ነው። ለዚህ ነው በዱባይ ዘመድ አስልኮ ከ250 ዶላር በላይ፣ በእኛ ከ30 ሺህ ብር በላይ የሚከፈለው። የራስህ ገንዘብ ነው፤ አልከለክልም። ሰው በሰርጉ ዕለት ብቻ የሚለብሰውን ሱፍም ይገዛል። ግን በዚያ ጫማ የእንጦጦ ጫካ ውስጥ በሥርና በድንጋይ መሃል ስትሮጥ ሳይ፣ አራት ሴንቲሜትር የሚወዛወዝ ፎም ላይ ሆነህ ቁርጭምጭሚትህ ሲታጠፍ ሳይ፣ ዝም ማለት ያቅተኛል። ለዚህ ቦታ አልተሠራም። ለቀጥ ያለ አስፋልት፣ ለውድድር ቀን ነው የተሠራው።

አሁን ወደ ሱሉልታው ልጅ እንምጣ። እሱ ኪሎ ሜትሩን በሦስት ደቂቃ ይሮጣል። የጫማው ቁጠባ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ፍጥነት ላይ ነው። የጉልበት ቁጠባ በሙሉ ወደ ሰዓት አይቀየርም፣ ስለዚህ በንፉግነት 2 በመቶ ብቻ እንበል። በ30 ደቂቃ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ላይ 36 ሰከንድ ነው። በ2 ሰዓት ከ10 ማራቶን ላይ ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ነው። አሁን ራስህን ማናጀር አድርገህ አስብ። ሰዓትህን ይዘህ አስፋልት ዳር ቆመሃል። አንዱ ልጅ ክለቡ ወይም ወንድሙ ያመጣለትን አዲስ ጫማ አድርጓል፤ ሌላው ሦስት ሰው የተቀባበለው፣ ሶሉ የተበላ አሮጌ አድርጓል። አንደኛው በ20 ሰከንድ ቀደመ። ማንን ትወስዳለህ? ሰዓትህ ላይ የጫማ ስም አይጻፍም። ውል፣ ቪዛ፣ የመጀመሪያው የውጭ ውድድር፣ የቤተሰብ ጣሪያ፣ ሁሉም ከዚያች 20 ሰከንድ ላይ ይንጠለጠላል። ቀዳሚው ምናልባት ጎበዝ ነው፣ ምናልባት ጫማው ነው፤ ማንም አይለይም፣ ለመለየትም የሚሞክር የለም። ያኔ ነው እንግዲህ «እግር እንጂ ጫማ አይሮጥም» የምትለው አባባል መጥታ የተሸነፈውን ልጅ ሰነፍ የምታደርገው።

ከላይ ያሉትማ ነገሩን ከገባቸው ቆይቷል። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲሮጥ፣ ከዓለም ክብረ ወሰኑ በሁለት ሰከንድ ሲያንስ፣ እግሩ ላይ የነበረው የቬፐርፍላይ ዘር ነው። ትዕግስት አሰፋ፣ የ800 ሜትር ሯጭ የነበረችው፣ በ2023 በርሊን ላይ የሴቶችን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሽላ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትገባ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ይመዝናል፤ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፣ መጀመሪያ የተሸጠው 521 ጥንድ ብቻ፣ አምራቹም ለአንድ ውድድር ነው ብሎ የሸጠው። ትዕግስትን ጫማው አስሮጣት እያልኩ አይደለም። ያንኑ ጫማ አድርገው ከኋላዋ የቀሩ አሉ። የምለው፣ እሷ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ያለዚያ ጫማ መነሻው መስመር ላይ አይቆምም፤ እዚያ ደረጃ ለመድረስ የሚሞክረው ልጅ ግን ያለሱ ነው የሚለካው።

የዓለም አትሌቲክስ ይሄን አላየም? አይቷል። በጥር 2020 መጨረሻ ደንብ አወጣ። ሶሉ ከ40 ሚሊ ሜትር አይበልጥ፣ ከአንድ ፕሌት በላይ አይኑረው፣ ጫማው ደግሞ ከውድድሩ አራት ወር ቀድሞ ማንም ሊገዛው በሚችልበት ገበያ ላይ ይዋል። ይቺን ሦስተኛዋን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኛ ፕሮግራመሮች አንድ ያረጀ ቀልድ አለን። ተጠቃሚው «አልሠራልኝም» ሲል አልሚው «እኔ ማሽን ላይ ይሠራል» ይላል። «ገበያ ላይ ይገኛል» ማለት ይሄው ነው። ኦሪገን ይገኛል፣ በርሊን ይገኛል፣ ዶላር የሚከፍል ካርድ ላለው ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን በትክክለኛ ዋጋው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ የሚሸጥ ሱቅ እኔ አላየሁም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደንቡ ተሻሻለና ስፖንሰር ለሌላቸው አትሌቶች ጫማ የሚቀርብበት አሠራር ተጨመረ። ጥሩ ነው። ግን አሠራሩ ስፖንሰር ለሌላቸው «ኤሊት» አትሌቶች ነው። ኤሊት ለመባል ደግሞ ሰዓት ያስፈልጋል። ለሰዓቱ ጫማው ያስፈልጋል። ይሄን ኮድ ብትጽፈው ሳይቆም ዝንተ ዓለም ይሽከረከራል።

ጫማ ማወቅ ራሱ አሁን ሙያ እንደሆነ ለሚጠራጠር ደግሞ መስከረም 2021 ቪየና አለ። ደራራ ሁሪሳ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አሸነፈ፤ ብዙም ሳይቆይ ተሰረዘ። የተፈቀደው 40 ሚሊ ሜትር፣ የሱ ሶል 50። ከውድድሩ በፊት ቅጹ ላይ ያስመዘገበው ሌላ ጫማ ነበር። ድሉ በሦስት ሰከንድ ተቀድሞ ለነበረው ኬንያዊ ሄደ። የተሸነፈው በአንድ ሴንቲሜትር ፎም ነው። በዚያን ሰሞን እዚህ የሰማሁት ወሬ ሁሉ «እንዴት ይሄን አያውቅም?» የሚል ነበር። ማን አስተማረው? ስለ ጫማ ማውራት እንደ ቅንጦት በሚቆጠርበት አገር፣ የትኛው አሰልጣኝ ነው የተፈቀደውን ዝርዝር አትሞ ግድግዳ ላይ የለጠፈው?

«እንግዲያው ይታገድ» የሚሉ አሉ። የዋናው ዓለም በ2010 የፖሊዩሪቴን ልብሶችን አግዷል፣ እውነት ነው። የሩጫው ዓለም ግን ያንን መንገድ አልመረጠም፤ ውፍረቱን ገደበና ፎሙን ተወው። ሶሉ ዓመት ዓመት እየቀለለ ነው፣ እኛ እገዳ ስንጠብቅ ሌላ ትውልድ ሯጭ ያልፋል። «ስልጠና ይቀድማል» የሚሉም አሉ፤ ልክ ናቸው። ለዚህ ነው ጫማውን ለልምምድ አድርጉት የማልለው። በ2023 ሐኪሞች በካርቦን ጫማ ሲሮጡ የመሃል እግር አጥንታቸው የተጎዳባቸውን አምስት አትሌቶች መዝግበዋል። አምስት ሰው ብዙ አይደለም፣ ግን ለአትሌት ያ አጥንት ክፉ ቦታ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጫካና ኮሮኮንች በተራ ጫማ፣ አልፎ አልፎ ሰንዳፋ አስፋልት ላይ በውድድሩ ጫማ እግርን ማለማመድ፣ ከዚያ ውድድር። ይበቃል።

ሌላም አለ። አንዱን የጠቀመ ጫማ ሌላውን ይጎዳል። በ2023 የታተመ አንድ ጥናት የዓለም ደረጃ ያላቸው ሰባት ኬንያውያንን በእነዚህ ጫማዎች ሲለካ፣ ከተራው ስስ ጫማ አንጻር አንዱ ከ11 በመቶ በላይ ሲጠቀም ሌላው ከ11 በመቶ በላይ ከስሯል። አንድ ጊዜ የተወሰደ ልኬት ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ወንጌል አልይዘውም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ስለዚህ «እገሌ ያደረገውን አምጡልኝ» ማለት ምርጫ አይባልም። ልጁ ሁለት ሦስት ዓይነት አድርጎ፣ በውድድር ፍጥነት፣ በተመሳሳይ አስፋልት፣ በተለያየ ቀን መሮጥ አለበት። ጣቱ ጫፉን ይነካል? ተረከዙ ይንሸራተታል? ኩርባ ላይ እግሩ ወደ ውስጥ ይወድቃል? ከ15 ኪሎ ሜትር በኋላ ባቱ ምን ይላል? አበበ ሮም ላይ የጠየቀው ከዚህ ብዙም አይለይም።

ይሄን ልጁ ብቻውን በኪሱ ሊያደርገው አይችልም፣ ክለብ ግን ይችላል። አንድ መደርደሪያ ነው የሚያስፈልገው። የተፈቀዱ ጫማዎች፣ በየቁጥሩ፣ እያንዳንዱ ምን ያህል ኪሎ ሜትር እንደተሮጠበት የሚጻፍበት ደብተር ያለው፤ ለማጣሪያና ለውድድር ቀን ተፈርሞ የሚወጣ፣ ታጥቦ የሚመለስ። ፎሙ ቶሎ ይሞታል፣ ግን አንድ ጥንድ ሁለት ሦስት ልጅ ለማጣሪያ ያደርሳል። ማጣሪያ የሚያዘጋጀው አካል ከስምና ከሰዓት ቀጥሎ «ጫማ» የምትል አንድ ዓምድ ይጨምር፤ ወጪው አንድ እስክሪብቶ ነው፣ በሁለተኛው ዓመት ማን በምን እንደሮጠ ማየት እንጀምራለን። ቅጹንና ደብተሩን የሚይዘውን ሶፍትዌር እኔ በነጻ እሠራለሁ፣ የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው። ጫማውን ደግሞ እናንተ ዱባይ ያስላካችሁ ታውቃላችሁ። ሁለቴ አድርጋችሁት አልጋ ሥር የተቀመጠው 42 ቁጥር አለ አይደል? መጀመሪያ የሚያልቀው ቁጥር እሱ ነው።