ገበሬው ስለ ዋግ ሲነገረው ለምን ይጠራጠራል?

ከጊንጪ እስከ ጌዶ ባለው ስንዴ አብቃይ አገር ስለ ዋግ ትምህርት ሲሰጥ ከገበሬው የሚገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው። ዋግን ጉም ያመጣዋል የሚሉ ሽማግሌዎችም አይጠፉም። አንዳንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት ያደርጉታል። እኛ በዚህ አንስማማም።

የሽማግሌዎቹ አባባል መሠረት አለው። ዋግ በነፋስ የሚጓዝ ፈንገስ ነው፤ ብናኙ በቅጠል ላይ አርፎ ለመብቀል እርጥበት ይፈልጋል። ጉም ባደረበት ማሳ ቢበረታ አያስደንቅም። ጉሙ በሽታውን አይወልደውም፤ ያመቻችለታል። ከሽማግሌዎቹ ጋር ከመከራከር ከዚሁ ተነሥቶ ማስረዳት ይቀላል።

ከባዱ ጥርጣሬ በምርጥ ዘር ላይ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ብዙ ገበሬ ይዘራው የነበረውን ኩብሳን መታው። በእርሱ ምትክ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲገሉ ተስፋፋ። በ2013 ደግሞ በባሌና በአርሲ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ተነሥቶ ዲገሉን ጎዳው። ይህን ያየ ወይም የሰማ ገበሬ፣ «ይህ ዘር ዋግ አይነካውም» ሲባል ቢጠራጠር አስተዋይ ነው እንላለን። አንድ ዘር የሚቋቋመው ሲፈተንበት የነበረውን የዋግ ዝርያ ነው፤ ፈንገሱ ግን ይለወጣል። የግንድ ዋግ ናሙና ከየአካባቢው እየተሰበሰበ በአምቦ የእርሻ ምርምር ማዕከል የሚመረመረውም ስለዚህ ነው። ዘሩ አንድ ቀን ሊሸነፍ እንደሚችል አስቀድሞ የተነገረው ገበሬ፣ ያ ቀን ሲመጣ ተታለልኩ አይልም፤ ሌላ ዘር ይጠይቃል።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራትም የምንለው አለን። ቲልትን የመሰለ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት በደንብ የሚረዳው ምልክቱ እንደታየ ሲረጭ ነው። ማሳው ከነደደ በኋላ የመጣ መድኃኒት የገበሬውን ገንዘብ ይጨርሳል እንጂ ስንዴውን አይመልስም። ያ ገበሬ በከርሞው «መድኃኒቱ አይሠራም» ብሎ ለጎረቤቱ ቢያወራ ማን ይፈርድበታል? መኪናው መዘግየቱን እንጂ የገበሬውን አለማወቅ አንውቀስ።

ስለዚህ መድኃኒቱ ነሐሴ ሳይገባ በማኅበሩ መጋዘን ይገኝ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ከገበሬው ጋር ማሳ ገብቶ ቅጠሉን በጣቱ ይሸው፤ ጣቱ ላይ የሚቀረው ዱቄት ነፋስ ወደ ጎረቤት ማሳ የሚወስደው በሽታ መሆኑን እዚያው ያሳየው።