ጎሬም መናገሻ ነበረች

በሥነ ጽሑፋችን መናገሻ ከተማ እንዲሁ የመኖሪያ ሰፈር ሆና አታውቅም። ክብረ ነገሥት የታቦተ ጽዮንን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት ይተርካል፤ ትውፊቱም መንበሯን አክሱም ላይ አድርጓል። ላሊበላ በዮርዳኖሷና በጎልጎታዋ ኢየሩሳሌምን ላስታ ላይ አቁማለች። ጎንደርም እስከ ዛሬ የምትወደሰው በ44ቱ አድባራቷ ነው። አንባቢውም ደራሲውም የከተማን ቅድስና ንጉሥና ታቦት ባሉበት መፈለግ ለምደዋል።

ከመቱ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጎሬ በዚህ ተርታ ስሟ አይነሣም። ሊነሣ ግን ይገባል።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀው ተሰደዱ፤ በሦስተኛው ቀን የኢጣሊያ ጦር ገባ። ያልተማረከው መንግሥት መቀመጫውን ወደ ኢሉባቦር ዋና ከተማ ወደ ጎሬ አዛወረ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የበላይ ሆነው ተሾሙ፤ ራስ እምሩም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው በጎጃም አድርገው መጡ። ቀድሞ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው፣ ቡናዋን በባሮ ወንዝ በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን ትልክ የነበረችው የንግድ ከተማ፣ በዚያ የማያባራ የክረምት ዝናብ ውስጥ የአገር ሉዓላዊነት ማደሪያ ሆነች። ጠላት እስከ ኅዳር 1929 አልረገጣትም። ራስ እምሩ በታኅሣሥ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ፖንዛ ደሴትም ተወስደው ታሰሩ።

በምርኮ ከተወሰዱት መካከል ሐዲስ ዓለማየሁ ነበሩ። ያን ዘመን በኋላ በ«ትዝታ» ጽፈውታል፤ ራስ እምሩም «ካየሁት ከማስታውሰው»ን ትተውልናል። ምስክርነቱ እንግዲህ በእጃችን ነው። ሆኖም የሐዲስን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ማንኩሳን ሄዶ ሳያያት ያውቃታል፤ ጎሬ እንዲህ ያለ የልቦለድ ዕድል አልገጠማትም። ይህ ያስቆጫል።

ጎሬን ቅድስት ከተማ አድርጎ የሚስል ብዕር ታሪኳን ሸፍኖ ማለፍ የለበትም። በዚያው ክረምት የወለጋ ባላባቶች፣ በቆየው አገዛዝ ተማርረው፣ የምዕራብ ኦሮሞ ኮንፌዴሬሽንን መሥርተው የእንግሊዝን ሞግዚትነት ጠይቀዋል፤ መልእክታቸውን የተቀበለውም ጎሬ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ነው። በአንዲት ከተማ ላይ አንዱ አገሩን ሊያድን ሲማማል፣ ሌላው ከዚያው መንግሥት የሚወጣበትን በር ያንኳኳ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ብቻ የተጻፈች ጎሬ ግማሽ ጎሬ ናት። ለእውነተኛ ደራሲ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምን ታሪክ ይገኛል?

ሥራው ከመቱ ቢጀምር መልካም ነው። መቱ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አጠገብ አለ። የዚያን ዓመት ወሬ ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙ የጎሬ፣ የቡሬና የበደሌ ልጆች ዛሬ ራሳቸው አርጅተዋል፤ የሚያወሩትም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ተቀድቶ፣ ተጽፎ፣ ለደራሲያን ክፍት ይሁን፤ ሥራውም ለሚቀጥለው በጀት ዓመት አይደር።