ሲሮጡ የታጠቁት ስክሪፕት

በጃንጎ የሚሠራ ዴቨሎፐር ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የደንበኞችን ዝርዝር ከኤክሴል አንብቦ ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስገባ አጭር የፓይተን ስክሪፕት ይጽፋል፤ ሊያስኬደው ሲል ጃንጎ «ሴቲንጉ አልተዋቀረም» ብሎ ፊቱን ያዞርበታል። ከጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው «አራት መስመር አለች፣ እልክልሃለሁ» ይላል። ትላካለች፣ ፋይሉ አናት ላይ ትለጠፋለች፣ ስክሪፕቱ ይሠራል። ማንም ዳግም አያያትም።

የእኔ ጠብ ከዚህች አራት መስመር ጋር ነው።

ኤረሩ ምን እያለ ነበር? ጃንጎ አንድ ሞዴል ከመንካቱ በፊት የትኛው ዳታቤዝ እንደሆነ፣ የትኞቹ አፖች እንዳሉ ማወቅ አለበት። ድረ ገጹ ሲነሳ ይህን የሚነግረው ፋይል አለ፤ ስክሪፕት ብቻውን ሲነሳ ግን ነጋሪ የለም። ስለዚህ መገመቱን ትቶ ይቆማል፤ «በየትኛው ልሥራ?» ነው የሚለው። እኛ ጥያቄውን ብልሽት አድርገን አፉን እንይዘዋለን።

የአራቷ መስመር እምብርት «ሴትዲፎልት» የምትባለው ጥሪ ናት። ብዙ ሰው ሴቲንጉን የምትወስን ይመስለዋል። አትወስንም፤ ኢንቫይሮመንቱ ላይ ቀድሞ የተቀመጠ ስም ካገኘች ዝም ብላ ታልፋለች። ሰርቨሩ ላይ የዋናው ሲስተም ሴቲንግ ተቀምጦ ከሆነ፣ «ሎካል» ተብሎ የተጻፈው ስክሪፕት እውነተኛውን ዳታቤዝ ያምሳል። ተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ አንድ የክፍያ ስክሪፕት ሌሊት ሌሊት በክሮን ይነሳ ነበር። ክሮን ደግሞ ተርሚናል ላይ ያስቀመጥነውን ቬሪያብል አያውቅም። ስክሪፕቱ ሎካሉን ሴቲንግ ያዘና አንዴ ለሙከራ ተፈጥሮ በተረሳ የኤስኪውላይት ፋይል ውስጥ ክፍያ ሲመዘግብ ከረመ። ሎጉ ጠዋት ጠዋት «ተጠናቋል» ይላል። ጉዱን ያገኙት የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ናቸው፤ እኛማ ሎጉን አምነን ተኝተናል። አራቷ መስመር ባትኖር ኖሮ ስክሪፕቱ በመጀመሪያው ሌሊት ወድቆ ይነግረን ነበር።

መስመሯ ራሷም ታረጃለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጃንጎ 1.7 የአፖች መዝገብ ሲያመጣ ሴቲንግ መጠቆም ብቻውን አልበቃ አለ፤ «ሴትአፕ»ን መጥራት ግድ ሆነ። ያኔ የድሮ ስክሪፕቶች «አፖቹ ገና አልተጫኑም» እያሉ ወደቁ፤ መፍትሔው አሁንም ሌላ ልጥፍ ነበር። ሞዴሎቹ ከሴትአፕ በኋላ ኢምፖርት መደረግ ስላለባቸው ኢምፖርቱ ፋይሉ መሀል ይወርዳል፣ ሊንተር ይጮሃል፣ እሱንም በኮሜንት ዝም እናሰኘዋለን። አፍ መያዝ ልማድ ሆኗል።

ትክክለኛው መንገድ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ስክሪፕቱን የጃንጎ ኮማንድ ማድረግ። አፑ ውስጥ «ማኔጅመንት»፣ በውስጡ «ኮማንድስ» የሚል ፎልደር፤ እዚያ «ሃንድል» የሚል ሜተድ ያለው አንድ ክላስ፤ በቃ። ኮማንዱ ሲነሳ ሴቲንጉ በግልጽ ይሰጠዋል፣ በቴስትም መጥራት ይቻላል። «ኮማንዱን የሚያስነሳው ማኔጅ ዶት ፓይም እኮ ያችኑ ሴትዲፎልት ይዟል» የሚለኝ አይጠፋም። ይዟል። ግን አንድ ቦታ ነው፤ ሰርቨር ላይ እኔ ከዚያም አጠፋታለሁ፣ ሴቲንግ ያልተነገረው ኮማንድ እንዲቆም። ለሃያ መስመር ኮድ ሁለት ፎልደር በዛ የሚል ደግሞ የጃንጎ ሼል አለለት፤ አንዴ ሠርቶ የሚጣል ነገር እዚያ ይለቅ። ፕሮጀክት ሳይኖረው የጃንጎን ቴምፕሌት ብቻ መዋስ የፈለገም ሴቲንጉን እዚያው ኮዱ ውስጥ «ኮንፊገር» ብሎ ቢያዋቅር አልከሰውም፤ ቢያንስ ምን እንደመረጠ ያውቃል።

ያን የክሮን ስክሪፕት ወደ ኮማንድ መቀየር አንድ ከሰዓት በኋላ ወሰደብን። ኤስኪውላይት ውስጥ የተቀበረውን መዝገብ ወደ ዋናው ማዛወር ግን ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ኃላፊዋ እያንዳንዱን ደረሰኝ በእጃቸው እያመሳከሩ፣ እኛ አጠገባቸው ቆመን ቁጥር እያነበብን።