«ደውላችሁ አረጋግጡ» - በየትኛው ስልክ?

በባንክ ስም ከሚላክ የሐሰት ኢሜይል ለመዳን ነጋዴው ዘወትር የሚሰማው ምክር «ደውለህ አረጋግጥ» የሚል ነው። ምክሩ ግን ጎዶሎ ነው። ጉድለቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በ2001 ዓ.ም. መግቢያ (እ.ኤ.አ. በ2008) የተፈጸመው ማጭበርበር ያሳያል።

በወቅቱ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ኒውዮርክ በሚገኘው ሲቲባንክ ከነበረው ሒሳብ ላይ 27 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተላለፈ። የክፍያ ትእዛዞቹ በፋክስ የደረሱ ሲሆን፣ የብሔራዊ ባንክ ኃላፊዎችን ፊርማ አስመስለው የተሠሩ ሰነዶች ቀደም ብለው ተልከው ነበር። ሲቲባንክ ዝም ብሎ አልከፈለም፤ ደውሎ አረጋግጧል። የደወለው ግን አጭበርባሪዎቹ ራሳቸው በሰነዱ ላይ ባሰፈሯቸው ቁጥሮች ነው። ቁጥሮቹ የናይጄሪያ፣ የደቡብ አፍሪካና የእንግሊዝ ነበሩ። የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት በናይጄሪያ ስልክ መገኘታቸው የገረመው ሰው የነበረ አይመስልም! ነገሩ የታወቀው አንዳንድ ተቀባይ ባንኮች ገንዘቡን ሲመልሱ ነው። ሲቲባንክም የጎደለውን ለደንበኛው ተካ።

ዛሬ የፋክሱን ቦታ ኢሜይል ይዞታል። አስመጪው ቢሮው ሲገባ «የስዊፍት ኮፒ ተያይዟል» ወይም «ሒሳብዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታገዳል» የሚል፣ የባንክ አርማ ያረፈበት መልእክት ይጠብቀዋል። ከሥሩም «ለማረጋገጥ ይደውሉ» ተብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። የሐሰት ደብዳቤ በቋንቋ ስህተቱ ይለያል የሚለው አባባል ዛሬ አይሠራም፤ ኮምፒዩተር ያለ እንከን ይጽፍለታል። የላኪው ስምም ላኪው እንዳሻው የሚሞላው ነው። ከ«አት» ምልክት በኋላ ያለውን አድራሻ ፊደል በፊደል ማየት ይጠቅማል፤ ሆኖም የእውነተኛ ሠራተኛ ኢሜይልም ሊጠለፍ ስለሚችል በዚህ ብቻ መተማመን አይቻልም።

ስለዚህ መደወል ያለበት መልእክቱ ከመምጣቱ በፊት በእጅ በነበረ ቁጥር ነው፤ ሒሳብ ሲከፈት ከቅርንጫፉ በተወሰደ ወይም በባንክ ደብተሩ ላይ በታተመ። ሥራ አስኪያጁም «ቶሎ ክፈል» እያለ የሒሳብ ሠራተኛውን ከስልኩ ማራቅ የለበትም።

ባንኮችም ከኃላፊነት አያመልጡም። በየጊዜው «ተጠንቀቁ» የሚል ማስታወቂያ ማውጣት ቀላል ነው። የሚጠቅመው፣ ለደንበኛ በሚልኩት ኢሜይል ውስጥ ሊንክም የሚስጥር ቁጥር ጥያቄም ፈጽሞ እንደማይኖር በጽሑፍ አሳውቀው፣ የራሳቸውን የማስታወቂያ ክፍል ጭምር በዚሁ ማሰር ነው።