የፈረስ ጋጣ ሽታ የአፈር ጠባይ አይደለም

ከደቡብ ፈረንሳይ የሮን ሸለቆ የመጣ፣ አሥር አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ቀይ ወይን ስትከፍቱ አንዳንዴ መጀመሪያ አፍንጫችሁን የሚመታው ፍሬ አይደለም። የፈረስ ጋጣ ነው። ወይም የቁስል ፕላስተር፣ ወይም ላብ የጠጣ ኮርቻ። አጠገባችሁ ወይን አውቃለሁ የሚል ሰው ካለ ፈገግ ብሎ «ይሄማ ቴሯሩ ነው» ይላችኋል። ቴሯር የሚሉት አፈሩ፣ ድንጋዩ፣ ነፋሱና ፀሐዩ ተደምረው ለወይኑ የሰጡትን የቦታ ጠባይ ነው። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ይህ ሽታ ብልሽት ነው። ብልሽትን በአገር ስም ጠርቶ መሸጥ ገዢን ማታለል ነው።

ሽታውን የሚያመጣው ብሬታኖማይሲስ የሚባል እርሾ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ክላውሰን የተባለ ዴንማርካዊ በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቢራ ቤተ ሙከራ ሲሠራ ከእንግሊዝ ቢራ ነው የለየው። ስሙም «የብሪታንያ ፈንገስ» እንደማለት ነው። ልብ በሉ፣ የሮን አፈር ልጅ ነው እየተባለ የሚወደሰው ጠረን በስሙ እንኳ እንግሊዛዊ ነው! እርሾው ከወይኑ ፍሬ የሚመጡ አሲዶችን ኤቲልፌኖልና ኤቲልጓያኮል ወደሚባሉ ውህዶች ይለውጣል። ጋጣው የመጀመሪያው ነው፤ ጭሱና ቅርንፉዱ ሁለተኛው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓስካል ሻቶኔ በቦርዶ ያካሄደው ምርምር እንዳሳየው፣ ሁለቱ ውህዶች ተደምረው በሊትር ወደ 400 ማይክሮግራም ሲደርሱ የወይኑ ሽታ ይበላሻል። ይህ የግራም አንድ ሺህኛ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ደቡብ ሮን ላይ ለምን ይበዛል? ሻቶኔፍ ዱ ፓፕን ውሰዱ። ዋናው የወይን ዝርያ ግሬናሽ ነው። ፀሐይ ይወዳል፣ ስኳር ያከማቻል፣ አሲዱ ግን አነስተኛ ነው። ዛሬ 15 ከመቶ አልኮል እዚያ ብርቅ አይደለም። ስኳሩ ሲበዛ ዋናው እርሾ መጨረሻ ላይ ይደክምና ጥቂት ስኳር ሳይበላ ይቀራል። ለብሬታኖማይሲስ ደግሞ በሊትር ግማሽ ግራም የማትሞላ ስኳር ትበቃዋለች። መከላከያው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ነገር ግን አሲዱ ባነሰ ቁጥር እሱም ጉልበት ያጣል። ፒኤቹ 3.8 በሆነ ወይን ውስጥ የሚጨመረው ሰልፈር፣ 3.4 በሆነው ውስጥ ከሚኖረው ጉልበት ግማሹን እንኳ አይዝም። በዚህ ላይ እርሾው እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ የሚኖርባቸው አሮጌ ትልልቅ የኦክ በርሜሎች አሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ «ሰልፈር አልጨምርም፣ አላጣራም» የሚል ፋሽን መጥቷል።

ስለዚህ ቦታው ለእርሾው ይመቸዋል፣ አልክድም። ግን ቆላው ለትንኝ ስለተመቸ ወባን የቆላ ባህል ብለን አንጠራውም።

እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ የጊዜው ጉዳይ ነው። ወይኑ ወጣት ሳለ ፍሬው ብርቱ ስለሆነ ጥፋቱን ይሸፍናል። ሐያሲው የሚቀምሰው ያኔ ነው፣ ነጥብ የሚሰጠውም ያኔ ነው። «ለሃያ ዓመት ይቀመጣል» ብሎ ይጽፋል። ገዢው ያንን አምኖ ገንዘቡን ያወጣል፣ ያስቀምጣል፣ ይጠብቃል። ዓመታት ሲያልፉ ፍሬው ይሸሻል፤ ውህዶቹ ግን የትም አይሄዱም። ድሮ ከፍሬው ጀርባ ተደብቆ የነበረው ጋጣ ፊት ለፊት ይወጣል። ይባስ ብሎ፣ ሳይጣራ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እርሾ በሕይወት ከቀረና ማከማቻው ከሞቀ ሥራው ይቀጥላል። ከአንድ ሳጥን የወጡ ሁለት ጠርሙሶች አንዱ ግሩም ሌላው ፕላስተር የሚሆኑት ከዚህም የተነሳ ነው። በርሜል በደንብ ያላጠበ ሰው ዕዳውን የሚከፍልለት ከአሥር ዓመት በኋላ ጠርሙሱን የከፈተው ገዢ ነው። ያን ጊዜ ደረሰኙም የለም፣ ሐያሲውም ሌላ ወይን ላይ ነው።

የሚቀርበውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። አንደኛው «ሙርቬድር የሚባለው ዝርያ በተፈጥሮው እንስሳ እንስሳ ይሸታል» የሚል ነው። ሙርቬድር ሲያረጅ የሥጋና የቆዳ ጠረን ማምጣቱ እውነት ነው። ታዲያ ጥርጣሬው ካለ ቤተ ሙከራ አለ፤ ኤቲልፌኖል በማሽን ይለካል። ሽታው ከአፈሩ የመጣ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ካሊፎርኒያና አውስትራሊያ ውስጥ ባልተገኘ ነበር። አውስትራሊያውያን ችግሩን በስሙ ጠርተው፣ ለክተው፣ ጓዳቸውን አጽድተውና ሰልፈራቸውን አስተካክለው መጠኑን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ ቀነሱት። አፈራቸውን አልቀየሩም።

ሁለተኛው «ትንሽ ሲሆን እኮ ያምራል» የሚለው ነው። በዚህ ክርክር ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው የሻቶ ደ ቦካስቴል ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠሩ ወይኖቹን ጋጣቸውን ጨምረው የሚወዱ ብዙ ናቸው። በሰው ምላስ አልገባም። የቤልጂጉ ኦርቫል ገዳም ቢራ ላይም ይኸው እርሾ ሲታሸግ ሆን ተብሎ ይጨመራል፤ ጠጪውም ያውቃል፣ ፈልጎት ይገዛል። ሳይጋበዝ የገባን እርሾ ግን «ትንሽ ብቻ ሁን» ብሎ የሚያዘው ማን ነው? ጠጅ ጣይ እንኳ ጠጁ ሲኮመጥጥባት ጥፋቱን የምትፈልገው ጋኑ ላይ ነው።

የሚገርመው፣ ሻቶኔፍ ስሙን ያገኘው ማጭበርበርን በመዋጋት ነው። ባሮን ፒዬር ለ ሯ የተባለው የሕግ ሰውና ወይን አምራች ከመንደሩ አምራቾች ጋር እ.ኤ.አ. በ1923 ደንብ ሲያወጣ፣ ከተለቀመው ፍሬ ቢያንስ 5 ከመቶው ተለይቶ እንዲወገድ አስገድዷል። ያ ደንብ ነው በ1936 ለታወቀው የአካባቢ ስያሜ መሠረት የሆነው። ያኔ የመንደሩን ስም ለማስከበር ፍሬ ይጣል ነበር፤ ዛሬ በዚያው ስም ብልሽት ይሸፈናል።

ይህን ክርክር እኛ አገር ለማንሳት ምክንያት አለኝ፤ ቡና ሻጮች ነን። በስፔሻልቲ ቡና ገበያ ለረጅም ዓመታት በተሠራበት መስፈርት፣ ከ350 ግራም ናሙና አንዲት ሙሉ በሙሉ የኮመጠጠች ፍሬ ከተገኘች ቡናው ከደረጃው ይወጣል። የሲዳማ ገበሬ «ይሄ የአፈሬ ጠባይ ነው» ቢል የሚሰማው የለም፤ ትክክልም ነው፣ ፍላቱ ከልክ አልፏልና። ያው ገዢ ማታ ራት ላይ ጋጣ የሚሸት ወይን ሲቀርብለት ግን አይኑን ጨፍኖ «ባሕርይ» ይለዋል። ፍላቱ ገደብ ሲያልፍ በአንዱ ቤት ጉድለት፣ በሌላው ቤት ቅርስ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? የጠርሙሱ ዋጋ ካልሆነ ሌላ አይታየኝም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አምራቹ ከማሸጉ በፊት ያስለካ፤ ያላጣራ ከሆነም ውጤቱን ለጠየቀው ይንገር። ሐያሲው «የቆዳ መዓዛ» እያለ ከማለባበስ ብሬታኖማይሲስ ብሎ ይጻፈው። ምግብ ቤቱም እንዲሁ። በቡሽ የተበላሸ ጠርሙስ ስትመልሱ አስተናጋጁ ያለ ክርክር ሌላ ያመጣላችኋል። ጋጣ የሚሸተውንም በዚያው ልክ መልሱት። «ቴሯሩ ነው» ካላችሁ የኤቲልፌኖሉ ልኬት ስንት እንደሆነ ጠይቁት።